ለሚመለከተው ሁሉ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ኮሮና የገባበት ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሦስት ወር አልፎታል። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። የሰፈሩ ልጆች "ቲቸር" ነው የሚሉኝ። አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። ወርክሺት ኮፒ ሊያደርጉ ሲመጡ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ስሙ የወጣልኝ በዚያ ነው። እውነቱን ልናገርና ስሙን እወደው ነበር። ስለምወደውም "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ያ ጠባይ ምን እንዳስከፈለኝ ነው የምነግራችሁ።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ግርዶሽ ነው። ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን መሃል ለመሃል ትጋርዳለች፣ ዳር ዳሩ ብቻ እንደ ቀለበት ይቀራል ተብሏል። አዲስ አበባ ላይ ቀለበቱ ባይታይም አብዛኛው የፀሐይ ፊት ይሸፈናል። ልጆቹ መጡና "ቲቸር፣ በምንድነው የምናየው?" አሉኝ። አፌን ሞልቼ "በራጅ!" አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? ልጅ እያለሁ አባቴ በራጅ አሳይቶኛል። በቃ፣ ማስረጃዬ እሱ ነው። የእናቴን የደረት ራጅ ከቁም ሳጥን አናት አወረድኩና በመቀስ አራት ቦታ ቆረጥኩት።

ጠዋት ላይ ብርሃኑ ተለወጠ። ደመና የለም፣ ግቢው ግን የመሸ ይመስላል። ብርድ ብርድ አለኝ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀኙን ከራጁ ጀርባ አድርጌ ቀና አልኩ። ፀሐይ እንደ ማጭድ ቀጥናለች። አቤት ማማሯ! አንዴ አይቼ መተው አቃተኝ። ዝቅ እላለሁ፣ ደግሞ ቀና እላለሁ። ሲደመር ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አልቀረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ማሙሽ ልበለው፣ አንዱን ቁራጭ ከእጄ ተቀበለ። እናቱ ከበረንዳ "ና ቁርስ ብላ!" ብላ ባትጮህበት ኖሮ እሱም እንደኔ አፍጥጦ ይቀር ነበር።

ምንም አላመመኝም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው "ካቃጠለኝ ዓይኔን አነሳለሁ" ይላል። ከዓይናችን ጀርባ ያለው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ሬቲና፣ ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም። ሲጎዳ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። የሚታወቃችሁ ከሰዓታት በኋላ ነው።

እኔ ያወቅኩት ማታ ነው። ለአንድ ደንበኛ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። እንደ ሁልጊዜው "ለሚመለከተው ሁሉ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳየው መሃሉ ላይ ያሉት ፊደላት የሉም። የጻፍኩትን ያጠፋሁት መስሎኝ ደግሜ ጻፍኩ። አሁንም የሉም። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ፊደላቱ ብቅ ይላሉ፤ ቀጥ ብዬ ሳያቸው ይጠፋሉ። በቦታቸው ቢጫ ቢጫ የሚል ጠብታ የሚያክል ጉም ተቀምጧል። ግራ ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ቀኙን ብቻ ሳደርግ ጉሙ አለ። ልቤ ቀጥ አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነው። መጀመሪያ ዝም አልኩ። "ቲቸር ዓይኗን አቃጠለች" መባልን ፈራሁ። ቀጥሎ ከፋርማሲ ሄጄ "ዓይኔን ደከመኝ" ብዬ ጠብታ ገዛሁ። ጠብታው ላይ ላዩን ነው የሚሠራው፤ ጉዳቴ ግን ጀርባ ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በሀገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ላንብብ ብል እንኳ የማነብበት የለም። "ነገ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል" እያልኩ አራት ሳምንት አሳለፍኩ። እናንተ ግን ፀሐይ አይታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማችሁ በማግስቱ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቤት ውስጥ መፈተሽ ከፈለጋችሁ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ክፈቱ። አንድ ዓይን ሸፍናችሁ ገጹ መሃል ላይ አንድ ነጥብ እዩ። መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም መሃሉ ከጎደለ ነገሩ የድካም አይደለም።

ሐኪሟ ዘንድ ስገባ "ኮምፒውተር ላይ ብዙ ስለምቆይ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ጠብታ ጨምራ ብሌኔን አሰፋች፣ በብርሃን አየች፣ ፎቶም አነሳችው። ዞር ብላ "እህቴ፣ ሰኔ 14 ፀሐይዋን አይተሻል?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። አልተቆጣችኝም። ይህን የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ ብዙ ሰው ግን በሦስትም በስድስትም ወር እየተሻለው እንደሚሄድ፣ የማይመለስለትም እንዳለ ነገረችኝ። ከፊቴ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር። የኔ ወደ አምስት ወር ፈጀ። አሁን አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ግን ዛሬም ግራ ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ላሾልክ ብል ቀዳዳዋ የለችም።

ሐኪሟ ስትጨርስ "ካንቺ ጋር ያየ ሌላ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከሕክምናውም ከጥበቃውም የከበደኝ የማሙሽን እናት ማናገር ነበር። በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ሁለቴ ደረጃውን ወጥቼ ወርጃለሁ። ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "አንቺን አምኜ እኮ ነው" አለች። ይቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። በማግስቱ ልጁን ይዘነው ሄድን። ተመስገን፣ ዓይኑ ደህና ነበር። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር ያየው። ልጅ ያላችሁ ግን ይህን ያዙ፤ ልጆች መሃሉ መጥፋቱን አይናገሩም። ጠይቋቸው፣ አንድ ዓይናቸውን እያስጨፈናችሁ አስነብቧቸው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ማሙሽ ወደኔ ዞረና "ቲቸር፣ ፀሐይ ሁልጊዜ አለች አይደል? ታዲያ ለምን ያን ቀን ብቻ ዓይን አቃጠለች?" አለኝ። አሰብኩ። መልስ ሊሆን የሚችል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩትና "አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ" አልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ማታ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር አወጣሁና የሱን ጥያቄ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ እንዲህ ነው። ፀሐይ በግርዶሽ ቀን የተለየ ጨረር የላትም። በሌላው ቀን ቀና ስንል ዓይናችን ራሱ ይሸሻል፣ ያነባል፣ እንጨፍነዋለን። በግርዶሽ ጊዜ አብዛኛው ብርሃን ስለሚሸፈን ያ መከላከያችን ይዘናጋል። የቀረችው ቁራጭ ግን ከመጀመሪያው እኩል ትፋጃለች። እኛም ረጋ ብለን እናፈጥጥባታለን። ራጅ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚታየውን ብርሃን ያጨልማል፤ ስለጨለመ ብሌናችን ይሰፋል፤ ዓይናችን የማያየው ጨረር በሰፋው ብሌን ዘልቆ ይገባል። በዚያ ላይ የራጅ ጥቁረት አንድ ወጥ አይደለም፤ አጥንቱ ጋ ነጣ፣ ሳንባው ጋ ጠቆር ይላል።

ጥያቄ አንድ ተመልሶ ሌላ አስከተለ። ደንበኞቼ ሁሉ የየራሳቸውን ዘዴ ይዘው መጡ። "በሳፋ ውሃ ሞልተን በውሃው ውስጥ እናይ ነበር" የሚሉ ብዙ ናቸው። ውሃ ከላይ የመጣበትን ብርሃን ከመቶ ሁለት ያህሉን ይመልሳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ፀሐይን ያለ ስጋት ለማየት ግን ብርሃኗ በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ሳፋውም አይሆንም። ተራ ጥቁር መነጽር፣ ሲዲ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የካሜራ ኔጋቲቭ፣ ሁሉም ውጭ። የብየዳ መስታወትስ? ቁጥር 14 ይሆናል። ሰፈራችን ያለው ብረታ ብረት ቤት ገብቼ ጠየቅኩ፤ እነሱ የሚሠሩበት 10 እና 11 ነው። ያ አይበቃም። ብየዳ ቤት ስለተሸጠ ብቻ ይሆናል አትበሉ፣ ቁጥሩን አንብቡ።

ለግርዶሽ ተብሎ የሚሠራው መነጽር ላይ አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሚል ይጻፍበታል። ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ይችላል፤ እኔ ራሴ የማተሚያ ቤት ሴት ነኝ፣ አውቃለሁ። ስለዚህ አድርጋችሁት ቤት ውስጥ ዙሩ። ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ ሰው ከታያችሁ መነጽሩ ሐሰተኛ ነው። በእውነተኛው ከፀሐይ በቀር ምንም አይታይም። የተጫረ ወይም የተበሳ ከሆነ ጣሉት።

እኔ የምወደው ግን ቀና የማያስብለውን መንገድ ነው። ካርቶን ላይ በመርፌ አንድ ቀዳዳ አድርጉ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ይረፍ። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ፀሐይ ታገኛላችሁ። ሁለት ሜትር ስታደርጉት እጥፍ ትሆናለች። የፓስታ ማጥለያ ካላችሁ ደግሞ አንድ ሳይሆን አርባ ፀሐይ በአንዴ መሬት ላይ ይዘረጋላችኋል። ያም ከሌለ ዛፍ ሥር ግቡ። በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ብርሃን ራሱ መሬቱን በትንንሽ ማጭዶች ይሞላዋል። ያን ቀን ከሱቄ ጀርባ ባሕር ዛፍ ነበረ። ዝቅ ብዬ ባየው ኖሮ ሁሉም ነገር እግሬ ሥር ነበር።

"ጨረቃ በየወሩ ትዞራለች፣ ግርዶሽ ለምን በየወሩ የለም?" ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ ጋር አልተደራረበም፤ አምስት ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ከፍ ብላ ወይም ዝቅ ብላ ታልፋለች። ላሊበላ ላይ ቀለበት የቀረበት ምክንያትም ደስ ይላል። ፀሐይ ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ትሰፋለች፤ ርቀቷም እንዲሁ 400 እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ከዚህ ሆነን ስናያቸው እኩል የሚመስሉት። ጨረቃ ግን አንዳንዴ ቀረብ፣ አንዳንዴ ራቅ ትላለች። ያን ቀን ራቅ ብላ ስለነበር ሙሉ በሙሉ መክደን አልቻለችም።

ደብተሩ ሲሞላ ቴሌስኮፕ አማረኝ። በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "675 እጥፍ ያጎላል" ይላል። እኔ ደግሞ ለዚህ ቁጥር ነው ብሬን የቆጠርኩት። የመጀመሪያው ማታ ምን አየሁ? ጭጋግ። ሁለተኛው ማታ የጎረቤት የውሃ ታንከር አየሁ፣ ያውም ተገልብጦ። ሊገዛ ያሰበ ካለ ከኔ ይማር። አጉላለሁ የሚለውን ተዉትና የፊቱን ስፋት ጠይቁ። የኔ 76 ሚሊ ሜትር ነው። ሚሊ ሜትሩን በሁለት አባዙት፤ 150 እጥፍ ገደማ ላይ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ የሚያጎላው ደብዛዛነቱን ብቻ ነው። ከሚመጡት ትንንሽ ሌንሶች ትልቁ ቁጥር ያለው ዝቅ አድርጎ ያጎላል፤ ሁልጊዜ በሱ ጀምሩ። አነጣጣሪዋን ትንሽ ቱቦ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ሳይጨልም ከሩቅ ምሰሶ ጋር አስተካክሏት። በመስኮት መስታወት ውስጥ አትዩ። የማቆሚያው እግር ከተንቀጠቀጠ መሃሉ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አንጠልጥሉበት፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ካርቶኑ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበር። አንዲት ትንሽ ጥቁር ክብ መስታወት፣ ዳሯ ላይ በእንግሊዝኛ "ሰን" ተብሎ የተጻፈባት። ዓይን የሚደረግበት ሌንስ ላይ ተጠምዝዛ ፀሐይ ይታይባት ነው ነገሩ። ማሙሽ "ቲቸር፣ ፀሐይን ማያው ይኸው!" ብሎ ዘለለ። እጄ ቀዘቀዘ። ቴሌስኮፕ ብርሃኑን ሁሉ ሰብስቦ ወደዚያች ነጥብ ነው የሚልከው። መስታወቷ በሙቀቱ ግላ ትሰነጠቃለች፤ ስትሰነጠቅ ዓይኑ እዚያው ላይ ነው። ለመዝጊያ እንኳ ጊዜ አይኖርም። ከሱቁ ደጃፍ በድንጋይ ወቅጬ ሰበርኳት። የቴሌስኮፕ የፀሐይ ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል ነው። ያ ከሌላችሁ ቴሌስኮፑን ቀን ላይ ከነመያዣው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የምሰጣችሁ ይህችን ነው።

የኛ ሰፈር ለኮከብ መጥፎ አይደለም። የከተማው መብራት በምዕራብ በኩል ሰማዩን ቢያቀላውም በምሥራቅ በኩል ጨለማ ይገኛል። ምርጡ ምሽት ግን መብራት የሄደ ምሽት ነው። ሌላው "ኧረ መብራት ኃይል!" እያለ ሲያማርር እኔና ልጆቹ ቴሌስኮፑን ተሸክመን ወደ ግቢው እንሮጣለን። ጨረቃን ለማየት ሙሉ እስክትሆን አትጠብቁ፤ ስትሞላ ዝርግ ሰሃን ነው የምትመስለው። በግማሽ ስትሆን ጉድጓዶቿ ጥላ ይጥላሉ። ጁፒተርን ካገኛችሁ ከጎኑ እንደ መርፌ ጫፍ የተሰለፉ አራት ነጥቦች ታያላችሁ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። የሳተርን ቀለበት የታየ ምሽት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋሼ ዓይናቸውን አንስተው ቴሌስኮፑን ከፊት በኩል ፈተሹት። ሥዕል ለጥፌ የማታልል መስሏቸው ነው።

ጥያቄው እዚያ ነው የሚዘንበው። "ኮከብ ለምን ይብለጨለጫል?" ኮከቡ አይደለም፣ ከኛ በላይ ያለው አየር ነው የሚንቀጠቀጠው። ኮከብ በጣም ስለሚርቅ ነጥብ ነው፤ አየሩ እንደፈለገ ያወዛውዘዋል። ፕላኔት ግን ቀረብ ስለሚል ትንሽ ክብ ነው፣ ረጋ ብሎ ያበራል። አጥቢያ ኮከብ የምንላትም ኮከብ አይደለችም፤ ቬነስ ናት። "ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?" ከመገናኛ በታክሲ ስትመጡ ምሰሶው ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ተራራው ቀስ ይላል፣ ጨረቃ ጭራሽ አትንቀሳቀስም። 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ የኛ ሃያ ደቂቃ መንገድ ለሷ ምንም ነው። "የሰሜን ኮከብን አሳዪኝ" የሚል አለ። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ እሷም ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትነሳው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ታህል። እኛ ጋ ተራራው ይውጣታል። በምትኩ አውሮፓ ያሉት የማያዩት የደቡብ መስቀል ግንቦት ላይ በደቡብ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

"ቲቸር፣ የኔ ኮከብ አሰድ ነው፣ አሳዪኝ" የምትለኝ ልጅም አለች። አሰድንም፣ አቅራብንም፣ ገውዝንም አሳያለሁ፤ ሰማይ ላይ በእርግጥ አሉ። ትዳር መቼ እንደሚመጣ ግን እዚያ አልተጻፈም። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ ተጎራባች ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም።

በጣም የሚያጨቃጭቀው ግን "ሰው እውነት ጨረቃ ላይ ወርዷል?" የሚለው ነው። አንድ ጎረቤታችን ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ "ባንዲራው ለምን ተንቀሳቀሰ?" ይላል። መጀመሪያ እከራከረው ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ማን ያሸንፋል? አሁን ረጋ ብዬ አስረዳለሁ። ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. አሥራ ሁለት ሰዎች ተራምደውበታል። ባንዲራው እንዳይንጠለጠል ላዩ ላይ ዘንግ ነበረው፤ የተወዛወዘው ሲተክሉት ነው፤ አየር ስለሌለ ቶሎ የሚያስቆመው ነገር የለም። ጥለውት የመጡት መስታወት ላይ ሳይንቲስቶች እስከዛሬ ሌዘር ይልካሉ፤ ብርሃኑ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። "ታዲያ ባንዲራውን በቴሌስኮፕሽ አሳዪኝ" አለኝ። አልቻልኩም። የኔ የሚያሳየው ትንሹ ነገር ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ ጉድጓድ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ ባንዲራ አያሳዩም። እስካሁን አላመነም። ግን ግማሽ ጨረቃ በሆነች ቁጥር ወረፋ የሚይዘው እሱ ነው።

ለወላጆች አንድ ነፃ የሆነ ሙከራ ልጨምር። ሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። የለስላሳ ጠርሙስ አስፋልት ላይ አቁሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ሲል ጥላው ጠርሙሱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ልጆቹ "ለምን ልክ 6 ሰዓት ላይ አልሆነም?" ይሏችኋል። ሰዓታችን የተቆረጠው ከኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ እኛ ጋ ለመድረስ ወደ 25 ደቂቃ ትዘገያለች። እኔ ይህን ሳውቅ ሦስት ቀን ለደንበኛ ሁሉ ስናገር ነበር።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች። አሥር ጊዜ ተጠየቅኩ፤ "መነጽር ያስፈልጋል?" አያስፈልግም። የጨረቃ ግርዶሽን በባዶ ዓይን እስኪበቃችሁ እዩ። ደመናው ይመጣል ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጨረቃ ቀላች። ምድር ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እማማ አጠገቤ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ይሄ የምን ምልክት ነው?" አሉኝ። የኛ ምድር በመሃል ገብታ ፀሐይን እንደጋረደችባት፣ የሚደርሳት ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ሾልኮ የሚያልፈው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። አየሩ ሰማያዊውን ይበትነዋል፣ ቀዩን ያሳልፈዋል። "ማለት እማማ፣ አሁን ጨረቃ ላይ ያረፈው በዓለም ዙሪያ የሚጠልቀውና የሚወጣው ጀንበር ሁሉ ቅላት ነው" አልኳቸው። አሰብ አደረጉና "እንዲያ ከሆነማ ወንበር አምጡልኝ" አሉ። እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ።

እኔ ግን ያን ማታ ሳስብ የነበረው እኛ ጋ ስለሚታየው ቀጣዩ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች። እኛ ጋ በከፊል ነው የምትጋረደው፤ በከፊል ሲሆን ደግሞ መነጽር የሚወልቅበት አንዲት ሰከንድ የለም። ሐምሌ ስለሆነ ደመና ሊሸፍነው ይችላል። እውነት ለመናገር ደመና በመሃል ብልጭ እያለ ሲጫወት ነው የሚያስፈራኝ፤ ሰው "አሁን ታየ!" ብሎ ድንገት ባዶ ዓይኑን ይሰቅላል።

ማሙሽ ዘንድሮ አሥራ አምስት ሞልቶታል፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ያግዘኛል። በቀደም ለደጃፉ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ጻፍ አልኩት። አጻጻፉን ለሱ ተውኩለት። አትሞ ሲያመጣው ከላይ በጉልህ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎታል። ቀና ብዬ አየሁት፣ እየሳቀ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ "የሐምሌ 26ቱን የፀሐይ ግርዶሽ በራጅ ማየት ዓይን ያጠፋል። ለምን? ገብተው ይጠይቁ።"

ለጠፍነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትልቅ ቡናማ ፖስታ የያዘ ሰውዬ ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ፣ ከዚያ ገባ።

"ይቅርታ እህት፣ ራጅ ኮፒ ታደርጋላችሁ?"